ዲቪ ደርሶኝ ቀረሁ፤ ሳልዘጋጅለት የመጣ ደግ ቀን

ለክፉ ቀን መዘጋጀትን ከእናቴ ተምሬያለሁ። እናቴ ቤት ውስጥ ምንም ቢጎድል የማትነካት ብር በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትይዝ ነበር። ዕድሯን አንድም ወር አስተጓጉላ አታውቅም። ለደግ ቀን መዘጋጀት የሚባል ነገር ግን ከእሷም ሆነ ከሌላ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ደግ ቀን ምን ዝግጅት ይፈልጋል? ሲመጣ እልል ብሎ መቀበል ነው። እንዲህ እያሰብኩ ሠላሳ ዓመት ሞላኝ። ከዚያ ደግ ቀን መጣና እጄን አጣጥፌ አገኘኝ።

ይህን የምጽፈው የኔን ስህተት የሚደግሙ ሰዎች በየጊዜው ስለማይ ነው። ሁሉም ዲቪ የሞሉ አይደሉም። አንዱ ጥሩ ሥራ ተገኝቶለት የትምህርት ማስረጃው ገና ከትምህርት ቤት አልወጣም። ሌላዋ ትልቅ ገዢ መጥቶላት ንግድ ፈቃዷ አልታደሰም። ሁላችንም በኋላ የምንለው አንድ ነው፦ "ዕድሌ ነው።"

የኔው እንዲህ ነበር። በ2005 ዓ.ም. መጀመሪያ ስድስት ኪሎ አካባቢ አንዲት ኮንቴይነር ተከራይቼ ልብስ እሰፋ ነበር። አንድ ሲንጀር፣ አንድ ኦቨርሎክ፣ አንድ ካውያ። መስከረም ላይ ከእጮኛዬ ጋር ሄደን ፈረምን። ሰርጉን ግን ወላጆቻችን ለጥር ቀጠሩት። በኛ ቤት ደግሞ ሰው አገባ የሚባለው ሲደገስ ነው። ጥቅምት ላይ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ዲቪ አስሞላሁ። ልጁ ፊቱን ከስክሪኑ ሳያነሳ "ያገባህ ነህ ያላገባህ?" አለኝ።

"ገና ነኝ። ሰርጌ ጥር ላይ ነው።"

"እንግዲያው ያላገባ" አለና ጠቅ አደረጋት።

ያቺ ጠቅታ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለች። ሃያ ብር ከፍዬ፣ የተሰጠኝን ወረቀት አጣጥፌ ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። የተሞላውን አንድ ጊዜ እንኳ አላነበብኩትም።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ደረሰኝ። ጩኸቴን ሰፈሩ በሙሉ ሰማው። በሦስተኛው ቀን ሲንጀሩንና ኦቨርሎኩን ለጎረቤት ልብስ ሰፊ ሸጥኩ። ከዋጋቸው በታች ነው የሸጥኳቸው፤ "የሚሄድ ሰው ምን ያደርግለታል?" ብዬ። ኮንቴይነሯን አስረከብኩ። ከአጎቴ ተበደርኩ። እግሬ ስድስት ኪሎ፣ ልቤ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። በዓመት የሚሰጠው ቪዛ ከ55,000 እንደማይበልጥ፣ የሚመረጠው ሰው ግን ከዚያ በእጅጉ እንደሚበልጥ የነገረኝ ሰው ነበር። ምቀኛ መሰለኝ።

ለቃለ መጠይቅ የቀረብነው ግንቦት 2006 ነው። የሕክምና ምርመራውን ከፍለናል። ለእያንዳንዳችን 330 ዶላር ከፍለናል፤ የማይመለስ ነው። ከመስታወቱ ወዲያ ያለችው ሴት ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጣ ጣቷን ከአንዱ ወደ ሌላው አመላለሰች። አንዱ የጋብቻ ምስክር ወረቀታችን ነው። ሌላው እኔ ያስሞላሁት። በሁለቱ ቀኖች መካከል ያለው ልዩነት አሥራ ዘጠኝ ቀን ነበር። የፈረምነው ፎርሙን ከሞላሁ በኋላ ቢሆን ኖሮ ሚስቴን መጨመር ይቻል ነበር። ስንሞላ ግን ሚስቴ ነበረች። ስሟ ደግሞ የለም። በሕጉ ይህ ብቻውን ይጥላል።

ታክሲ ውስጥ ብዙ ሰበብ ደረደርኩ። ልጁ፣ ሕጉ፣ ሴትየዋ። ሚስቴ ዝም ብላ ሰማችኝና "እኔ ያገባሁህ መስከረም ነው። አንተ ያገባኸኝ መቼ ነው?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

እዚህ ላይ ዲቪ ለምትሞሉ አንድ ነገር ቶሎ ልበልና ልለፍ። ሕጉ ከጊዜ ጊዜ ስለሚቀያየር የምትሞሉበትን ዓመት መመሪያ ራሳችሁ አንብቡ። ሌላ ሰው ቢሞላላችሁም ከመላኩ በፊት እያንዳንዷን መስመር ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡ። የትዳር ጓደኛችሁን፣ ከ21 ዓመት በታች ያሉና ያላገቡ ልጆቻችሁን አብረዋችሁ ባይሄዱም አስገቡ። የማረጋገጫ ቁጥሩን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ ኢንተርኔት ቤት አታስቀምጡት። ቪዛው ፓስፖርታችሁ ላይ ሳይለጠፍ አንድ ወንበር እንኳ አትሽጡ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁለት ዓመት ባልተርከው ደስ ይለኛል። በሸጥኩት ሲንጀር ላይ ተቀጥሬ ሠራሁ። አዎ፣ በዚያው በጎረቤቴ ሱቅ። ለገባ ለወጣ ደንበኛ ታሪኬን እነግር ነበር። መደምደሚያዬ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "የአርባ ቀን ዕድሌ ነው፤ እኔ ዕድለ ሰባራ ነኝ።" ከዲቪው የባሰ የጎዳኝ ይህ አባባል ነው። በ2007 አንድ ጓደኛዬ የሥራ ልብስ በብዛት የሚሰፋበት ሥራ አግኝቶ አብረን እንሥራ አለኝ። "ለኔ ምንም አይሳካም፣ አንተንም እንዳላስነካህ" ብዬ እምቢ አልኩት። እሱ ዛሬ ስምንት መኪና አለው። የልብስ ስፌት መኪና ማለቴ ነው።

በ2008 አንድ ጡረታ የወጡ መምህር የሱሪ ወገብ ለማስጠበብ መጡ። እኔ ለሌላ ደንበኛ ታሪኬን እየተረኩ ነበር። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

"ልጄ፣ ባለፈው ዚፕ ላሠራ ስመጣም ይሄንኑ ስትናገር ሰምቼሃለሁ" አሉኝ።

አፈርኩ። "ይቅርታ መምህር፣ አይወጣልኝም።"

"እንግዲያው እኔም አንድ ታሪክ አለኝ። ሱሪውን እየሠራህ ስማኝ።"

የነገሩኝ የዜኖን ታሪክ ነው። ዜኖ ቆጵሮስ ውስጥ ኪቲዮን ከምትባል ከተማ የተነሳ ነጋዴ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ መሆኑ ነው። ሐምራዊ ቀለም ጭኖ ሲሄድ በአቴና ወደብ አቅራቢያ መርከቡ ተሰበረ። በዚያ ዘመን ሐምራዊ ቀለም የነገሥታት ልብስ ማቅለሚያ ነው፤ ዋጋው አይቀመስም። ሁሉም ባሕር ገባ። ሰውዬው ወደ ከተማ ወጥቶ አንድ መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ ተቀመጠ። ሻጩ ስለ ሶቅራጥስ የተጻፈ ነገር ያነብ ነበር። ዜኖ ደስ አለውና "እንዲህ ያሉ ሰዎች የት ይገኛሉ?" ብሎ ጠየቀ። በዚያው ቅጽበት ክራቴስ የሚባል ፈላስፋ በዚያ ያልፍ ነበር። ሻጩ "ያንን ሰው ተከተለው" አለው። ዜኖ ተከተለው። ከዓመታት በኋላ ራሱ ማስተማር ጀመረ። የሚያስተምርበት ቦታ በሥዕል ያጌጠ በረንዳ ነበር። በግሪክኛ በረንዳ "ስቶዋ" ነው፤ ተከታዮቹ ስቶይኮች የተባሉት ከዚያ ነው። "መርከቤ የተሰበረ ጊዜ ነው ጉዞዬ የቀናው" ብሏል ይባላል።

እኔ አልተዋጠልኝም። "መምህር፣ እሱ መርከብ የነበረው ሰው ነው። እኔ የነበረኝ ሲንጀር ነው" አልኳቸው።

ሳቁ። "ሀብታም ጠላህ? ባሪያ ላምጣልህ።"

ያመጡልኝ ኤፒክቴተስን ነው። ዛሬ ቱርክ በምትባለው አገር ሂራጶሊስ የተወለደ፣ ሮም ውስጥ ባሪያ የነበረ፣ አንድ እግሩ አንካሳ። ነፃ ከወጣ በኋላ አስተማሪ ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ ዶሚቲያን ፈላስፎችን ከሮም ሲያባርር አብሮ ተባረረና ግሪክ አገር ኒቆጶሊስ ሄዶ እዚያ አስተማረ። ራሱ የጻፈው ነገር የለም፤ ተማሪው አርያን ያስቀረው ማስታወሻ ነው የደረሰን። ኤፒክቴተስ ስለ ዳይስ ጨዋታ ይናገራል። ዳይሱ ምን እንደሚያወጣ በምን አውቃለሁ? የወጣውን በጥንቃቄና በብልሃት መጫወት ግን የኔ ሥራ ነው ይላል።

መምህሩ ሱሪያቸውን ከእጄ ተቀብለው ስፌቱን በጣታቸው እየዳሰሱ "ልጄ፣ ያንተ ዳይስ እኮ ስድስት ወጥቶ ነበር" አሉኝ። "ስንት ሰው ሞልቶ አንተ ወጣህ። ዕድለ ሰባራ የምትለው የትኛውን ነው?"

ከፍለውኝ ሄዱ። ቀኑን ሙሉ ተናድጄ ዋልኩ። ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ "ዕድል ከዳችኝ" ስል ኖሬያለሁ። ዕድልማ በሬን አንኳኩታ ነበር። በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ ያላነበብኩት ፎርም፣ በሦስት ቀን የሸጥኩት መኪና። ይሄ መራር ነው። ግን በዚያው ልክ እፎይ ያሰኛል፤ የአርባ ቀን ዕድሌን መለወጥ አልችልም፣ ፎርም ማንበብ ግን እችላለሁ።

አንድ ነገር ላስምርበት። ይህን ትምህርት በተጎዳ ሰው ላይ እንደ ዱላ የሚያነሱት ሰዎች አሉ። ቤቱ የተቃጠለበትን፣ ልጁ የታመመበትን "ስላልተዘጋጀህ ነው" ይሉታል። ስቶይኮች እንዲህ አላሉም። የሮሙ ስቶይክ ፈላስፋ ሴኔካ በዘመኑ የሊዮን ከተማ በእሳት ስትወድም ለወዳጁ የጻፈው ደብዳቤ አለ። "በታላቅ ከተማና በባዶ መሬት መካከል የነበረው አንድ ሌሊት ነው" ይላል። የሊዮንን ሰዎች አልወቀሰም። የደረሰባችሁ ነገር የእናንተ ጥፋት ላይሆን ይችላል። የኔ ግን ነበር፤ ስለዚህ የምናገረው ስለ ራሴ ነው።

መምህሩ ከዚያ በኋላ የሚያሠሩት ሱሪ ባይኖራቸውም ይመጡ ነበር። እናቴ "ከአረማዊ ፈላስፋ ምን አለህ?" ስትለኝ ለሳቸው ነገርኳቸው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17ን አስነበቡኝ። ጳውሎስ አቴና ላይ ከተከራከራቸው ሰዎች መካከል "ኢስጦኢኮች" የተባሉት እነዚሁ ናቸው። ምዕራፍ 18 ላይ የጳውሎስን ከሳሾች ያባረረው አገረ ገዥ ጋልዮስ ደግሞ የሴኔካ ወንድም ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ ትንሽ ለዘብ አለች። "ወንድሙ ደህና ሰው ነው" አለች።

በዚያ ሰሞን ስልኬ ላይ አንድ ጥቅስ ደረሰኝ፤ እናንተም ሳታዩት አልቀራችሁም። "ዕድል ማለት ዝግጅትና አጋጣሚ ሲገናኙ ነው" ይላል፤ ከሥሩ ሴኔካ ተብሎ ተጽፏል። በትልቁ አሳትሜ ከመኪናዬ በላይ ለጠፍኩት። መምህሩ ቀና ብለው አዩትና "ከሱ ከተረፉት ጽሑፎች ውስጥ እንዲህ የሚል የለም" አሉኝ። ደነገጥኩ። ያለው ሌላ ነው። ሴኔካ የወዳጁን የድሜጥሮስን ንግግር ጠቅሶ ስለ ትግል ይጽፋል። ጎበዝ ታጋይ ማለት ብዙም የማይጠቅሙትን ጭምር የትግል ዓይነት ሁሉ ያጠና አይደለም። አንዱን ወይም ሁለቱን አጥብቆ የተለማመደና የሚጠቀምበትን አጋጣሚ ዓይኑን ተክሎ የሚጠብቅ ነው።

ልዩነቱ ቀስ ብሎ ነው የገባኝ። የስልኬ ጥቅስ ከተዘጋጀህ ዕድል ያንተ ነው የሚል ይመስላል፤ እንደ ሸቀጥ ከፍለህ የምትወስደው። ስቶይኮች ይህን ቃል አይገቡም። ታጋዩ ተለማምዶ ዕድሜ ልኩን አጋጣሚው ላይመጣ ይችላል። የሱ ድርሻ ልምምዱና ንቃቱ ነው። ዜኖን አሁን መለስ ብዬ ሳስበው የምወድለት እሱን ነው። ክራቴስ በዚያ ሰዓት በዚያ መንገድ ማለፉ ዕድል ነው። ንብረቱ ሁሉ ባሕር በገባበት ሰሞን መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ ቁጭ ብሎ ጆሮውን መስጠቱ፣ ከዚያም "የት ይገኛሉ?" ብሎ መጠየቁ ግን የራሱ ነው። እኔ በዚያ ሰሞን ብሆን ለመጽሐፍ ሻጩ ስለ መርከቤ አወራለት ነበር።

ጥቅሱን ከግድግዳው አወረድኩ። ከዚያ ታጋዩን ወደ ልብስ ስፌት አመጣሁት። እስከዚያ ድረስ እኔ ሁሉን ሰፊ ነበርኩ፤ ቀሚስ፣ ኮት፣ መጋረጃ፣ ምንም ቢመጣ አልመልስም። ሁሉም እንዲሁ ያልፋል፤ አንዱም አያስመሰግንም። የወንድ ሱሪና የሥራ ቱታ መረጥኩ። ቅዱን በወረቀት በየቁጥሩ አዘጋጅቼ በሚስማር ሰቀልኩት። ማታ ማታ ከአሮጌ ጨርቅ ላይ ኪስ ብቻ እየሠራሁ የተለማመድኩበት ወር ነበር። ባለ ሱቁ አበደ ብሎ ነበር።

ሌላው ፎልደሩ ነው። አንድ የፕላስቲክ ፎልደር ገዛሁ፤ ስሙ በኛ ቤት "የደግ ቀን ፎልደር" ነው። የጋብቻ ወረቀታችን ከላይ። ከዚያ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ በኋላ ደግሞ ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር። በየሦስት ወሩ እናወጣውና ጊዜው ያለፈበት ካለ እናያለን። ይህን ያህል ቀላል ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይሄን ፎልደር ውሰዱ።

ሴኔካ አልፎ አልፎ ለጥቂት ቀን በደረቅ ምግብና በሻካራ ልብስ ኑርና "ስፈራው የኖርኩት ይሄን ነው?" በል ይላል። ወታደር በሰላም ጊዜ ጠላት ሳይኖር ምሽግ ይቆፍር የለም ወይ ይላል። እኛ ጾም ስላለን ይሄኛው አልከበደኝም። የከበደኝ ተቃራኒው ነው፤ ሲደላ መርጋት። ሴኔካ ወደ ኮርሲካ ደሴት ተግዞ ሳለ ለእናቱ የጻፈላት ነገር አለ። ዕድል ገንዘብም ሥልጣንም ስትሰጠኝ አላመንኳትም፤ የሰጠችኝን ሁሉ እኔን ሳትነቀንቅ መልሳ ልትወስድ ከምትችልበት ቦታ አኖርኩት ይላል። እኔ ደግሞ ዕድል ፊቷን ገና ስታሳየኝ መኪናዬን ሸጥኩ።

አንድ የገረመኝን ልጨምር። ስቶይኮች ዕቅድ ሲናገሩ "የሚያግደኝ ነገር ካልመጣ በቀር እጓዛለሁ" ማለትን ይመክራሉ። ይሄ እኮ የእናቶቻችን "እግዜር ካለ" ነው፤ የሙስሊም ጎረቤቶቻችን "ኢንሻአላህ" ነው። በእጃችን የነበረ ነገር ነው። ችግሩ ብዙዎቻችን ቃሉን ሥራ ላለመጀመር እንጠቀምበታለን። እናቴ ግን እግዜር ካለ እያለች ነበር ሽንኩርቱን የምትከትፈው።

በ2011 የራሴን ሱቅ መልሼ ከፈትኩ። በ2012 ለፋሲካ ማግስት ሰርጎች አሥራ አራት የሚዜ ሱሪ ከነሰደርያው ታዞ ቀብድ ተቀብያለሁ። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ላይ መገኘቱ ተነገረ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰርጎቹ ሁሉ ተሰረዙ። ቀብድ መለስኩ። ጨርቁ ተቆርጦ ጠረጴዛዬ ላይ ቀረ። አልዋሻችሁም፣ "የአርባ ቀን ዕድሌ" የምትለዋ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ መጥታ ነበር። ሚስቴ ከፊቴ ላይ አነበበችው መሰለኝ፤ "ዳይሱ ስንት ወጣ?" አለችኝ። ሁለት ነው አልኳት። "በሁለት ምን ይጫወታሉ?"

በሳምንቱ አንድ ቱታ የሰፋሁለት ደንበኛ ደወለ። የሚሠራበት ድርጅት የጨርቅ ጭምብል ሁለት ሺህ ይፈልጋል። ደረሰኝ የሚቆርጥ፣ ፈቃዱ የታደሰ፣ ናሙና ነገ ጠዋት የሚያቀርብ። ሌሊቱን ከአቡጀዲ ሦስት ዓይነት ናሙና ሰፋሁ። ባለ ሁለት ድርብ፣ መሐል ኪስ ያለው። ያ ሁሉ ኪስ የተለማመድኩበት ወር እዚህ ጠቀመኝ። ጠዋት ፎልደሩን ይዤ ሄድኩ። ሥራውን አገኘሁ።

ከሰፈራችን ከኔ የተሻለ እጅ ያለው ሰው ነበር፤ ያው ሲንጀሬን የገዛኝ ጎረቤቴ። እሱም ተደውሎለት ነበር። ፈቃዱ ካለቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሲነግረኝ ፊቱ ላይ ግንቦት 2006ን አየሁ። ስምንት መቶውን ለሱ ሰጠሁት። ደግነት እንዳይመስላችሁ፤ ብቻዬን አላደርሰውም ነበር። ግን ደስ ብሎኛል።

አሁን የምነግራችሁ ደግሞ ሁሉን ያወቅሁ እንዳይመስላችሁ ነው። ጭምብሉ ሲሸጥ ጭንቅላቴ ዞረ። ሚያዝያ ላይ ከመርካቶ የጭምብል ላስቲክ በጆንያ ገዛሁ። ሚስቴ "ይሄ ሁሉ መቼ ያልቃል?" ስትለኝ "አንቺ ገበያ አታውቂም" አልኳት። ሰኔ ላይ መርፌ የያዘ ሰው ሁሉ ጭምብል ይሰፋ ነበር፤ ዋጋው ወደቀ። የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ማርከስ ኦሬሊየስ፣ እሱም በወረርሽኝ ዘመን የነገሠ ሰው፣ ሲመጣልህ ሳትኩራራ ተቀበል፣ ሲሄድብህ ሳታቅማማ ልቀቅ ብሎ ለራሱ ጽፏል። መምህሩ ይህን አስቀድመው ነግረውኝ ነበር። ላስቲኩ ዛሬም ከጠረጴዛዬ ሥር አለ። የልጆች ሱሪ ወገብ ላይ እየጨረስኩት ነው።

ሴኔካ ማታ መብራት ሲጠፋ፣ ሚስቱ ልማዱን አውቃ ዝም ስትል፣ ቀኑን መለስ ብሎ ይመረምር ነበር። እኔም እሞክራለሁ። የኔዋ ግን ዝም አትልም። የላስቲኩ ሰሞን ምርመራውን ያካሄደችው እሷ ነች።

ጥቅምት 2015 ላይ ዲቪ እንሙላ ያለችው ራሷ ናት። ኢንተርኔት ቤት አልሄድንም። ልጃችንን ነጭ አንሶላ ፊት አቁመን ፎቶ አነሳነው፤ ሦስት ጊዜ ሳቀና ሦስት ጊዜ ደገምነው። ፎልደሩን አወጣን። እያንዳንዷን መስመር እኔ አነባለሁ፣ እሷ ከወረቀቱ ጋር ታመሳክራለች። "የጋብቻ ሁኔታ" ላይ ስንደርስ ቀና ብላ አየችኝ። "ያገባ" አልኩ። "መቼ?" አለችኝ። "መስከረም" አልኳት።

ሚያዝያ ላይ ውጤቱ ወጣ። አልደረሰንም። ስልኩን አስቀመጠችና "የሰውዬው ቱታ ዚፕ ገባ ወይ? ለስምንት ሰዓት ብለሃል" አለችኝ። አልገባም ነበር። ተነስቼ ሄድኩ።